የእቴቴ የወሊድ ሻንጣ

ቂመኛ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ «ደግ መስለሽን ነበር እኮ» እንዳትሉኝ ነው። የተደረገበትን በማግስቱ የሚረሳ ሰው አለ፤ ባለቤቴ ዳዊት እንደዚያ ነው። ትናንት ተጣልተን ዛሬ «ምነው ፊትሽ ጠቆረ?» ይለኛል፣ ያውም ከልቡ። እኔ ደግሞ አራተኛ ክፍል እያለሁ እርሳሴን የሰበረችብኝን ልጅ ስም እስከ አያቷ ልነግራችሁ እችላለሁ። ይሄ ጠባዬ ብዙ ጊዜ ጠቅሞኛል፤ አንዴ የናቀኝ ሰው ሁለተኛ አይንቀኝም። አንድ ጊዜ ግን የት እንዳደረሰኝ ላጫውታችሁ።

ያን ጊዜ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሴት ነበርኩ። አያት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከዳዊትና ከልጃችን ከናሆም ጋር እኖራለሁ፤ ሲኤምሲ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ አስተምራለሁ። ያደግኩት ግን ቦሌ ሚካኤል ነው። እናቴ እዚያ፣ ከቤታችን በር ላይ በተቀጠለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። በግራዋ ፍራሽ ሠሪ፣ በቀኟ በርና መስኮት የሚበይድ ሰው አለ። እሷ መሀል ላይ ተቀምጣ የስፌት መኪናዋን ስትረግጥ ነው እኔን ያሳደገችኝ።

እቴቴ የምላት የዳዊትን ታላቅ እህት ሮማንን ነው። እሱ ከልጅነቱ እቴቴ ስለሚላት እኔም ተከትዬው እቴቴ አልኳት። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ የሕፃናት ልብስ ሱቅ አላት፤ ዕቃውን ከዱባይና ከቱርክ ራሷ እየሄደች ታመጣለች። ቆንጆ ናት፣ ጮክ ብላ ትስቃለች፣ የሰው ቤት ገብታ መጋረጃ ይቀየር ትላለች። ቤተሰቡ ሁሉ ይፈራታል፤ እኔ ግን ከፍርሃት ያለፈ ነገር ነበረኝ።

ናሆምን ልወልድ ስል እናቴ የሰው ሥራ በጨረሰች ቁጥር ለልጄ ስትሰፋ ሁለት ወር ከረመች። ለስላሳ ጥጥ መርጣ ስድስት ሸሚዝ፣ አራት ኮፍያ፣ ሦስት መጠቅለያ ሰፋች። የስፌቱን ጠርዝ ሁሉ በውጭ በኩል አደረገችው፤ የአራስ ልጅ ቆዳ ስስ ስለሆነ ክሩ እንዳይቆረቁረው ብላ ነው። በፈላ ውሃ አጥባ፣ ተኩሳ፣ ቦርሳዬ ውስጥ በገዛ እጇ ደረደረችልኝ።

በወለድኩ ማግስት እቴቴ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ሆስፒታል መጣች። ሳመችኝ፣ ልጁን አየች፣ ከዚያ ሳትጠይቀኝ ቦርሳዬን ከፈተችና አንዱን ሸሚዝ በሁለት ጣቷ አንጠለጠለችው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ተገልብጦ ነው እኮ የተሰፋው!» አለች። «የወለል መወልወያ ነው እንዴ?»

ጓደኞቿ ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ፤ ያንን ፈገግታ ለራሴ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። እቴቴ ከሱቋ ያመጣችውን ልብስ ለልጄ አለበሰችና የእናቴን ልብስ ጠቅልላ ለጽዳት ሠራተኛዋ ሰጠቻት። «ውሰጂው፣ ለአንድ ነገር ይሆንሻል» አለቻት።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ እናቴ ምግብ ይዛ መጣች። በሩ ክፍት ስለነበር ኮሪደሩ ይታየኛል። ጽዳቷ በአንዱ ሸሚዝ የመስኮቱን ደፍ እየወለወለች ነበር። እናቴ ቆም ብላ አየቻት። ከዚያ ገባች፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብላ ሳመችኝ፣ ልጁን አቅፋ «እንዴት ያምርበታል!» አለች። ቁጭ ስትል እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከተተቻቸው። ስለ ልብሱ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ከዚያ ወዲህ የሕፃን ልብስ መስፋት ተወች፤ ሰው ጨርቅ ይዞ ሲመጣ «ወደ ሌላ ውሰዱት» ትላለች። እኔም እዚያው አልጋ ላይ ሆኜ፣ እቴቴን አንድ ቀን እንደማገኛት ለራሴ ነገርኩት።

አራት ዓመት ጠበቅሁ። በዚህ መሀል እቴቴ ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቴም አስወረዳት። ሁለቱንም ጊዜ ሲኤምሲ ያለው ቤቷ ውስጥ የልጅ ክፍል ቀለም አስቀብታ፣ አልጋ ገዝታ፣ ቁም ሳጥኑን ከሱቋ በመጣ ልብስ ሞልታ ነበር። አማቴ እማማ የሺ «ገና ላልመጣ ልጅ ቀድመሽ ስታዘጋጂ ነው ሟርት የነካሽ» ብለው አልጋውን ከቤት አስወጡት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሐዘኗ ደስ አላለኝም። ግን አላለቀስኩላትም።

ሦስተኛው እርግዝና ስምንት ወር ሲያልፈው እቴቴ ቤቷ ጠራችኝ። አርባ አንድ ዓመቷ ነው። ሶፋው ላይ እግሯን ሰቅላ፣ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ አገኘኋት።

«አዜብዬ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ ነው» አለችኝ። እቴቴ ታዛለች እንጂ ስትለምን ሰምቼ አላውቅም።

«ምን እቴቴ?»

«የሆስፒታሉን ሻንጣ አንቺ አዘጋጂልኝ። አንቺ ቤት ይቀመጥ። እኔ እዚህ ቤት አንዲት ካልሲ እንድትገባ አልፈልግም።»

«ለምን እኔ?»

«አንቺ በሰላም የወለድሽ ነሽ፣ እጅሽ ጥሩ ነው። ከሱቁ የፈለግሽውን ውሰጂ፤ ለምትሸጠው ልጅ ነግሬያታለሁ። ምን እንደወሰድሽና ምን እንዳስገባሽ ግን እንዳትነግሪኝ። እስክወልድ መስማት አልፈልግም።»

አንድ ሮዝ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው ባለ ጎማ ሻንጣ በሩ አጠገብ ቆሟል። ዱባይ ይዛው የምትሄደው ነው። እኔ አሁንም ቆሜ ጠበቅኋት። የሆስፒታል ሻንጣ ስንል ያ ቀን ትዝ ይላታል፣ «አዜብዬ፣ ያኔ እኮ…» ትላለች ብዬ ጠበቅሁ።

«አንቺ ናሆምን ስትወልጂ እንዴት ደስ ብሎን ነበር!» አለች በፈገግታ።

ረስታዋለች። እናቴን አራት ዓመት ያቃጠላት ነገር እሷ ዘንድ የሳቅና የአበባ ቀን ሆኖ ተቀምጧል። ብታፍርበትና ብትደብቀው ኖሮ ምናልባት ልቤ ይራራ ነበር። መርሳቷ ግን ጨርሶ አናደደኝ።

«እሺ እቴቴ፣ ምንም አታስቢ» አልኳትና ሻንጣውን እየጎተትኩ ወጣሁ።

ታክሲ ውስጥ ሻንጣውን በጉልበቴ መሀል ይዤ አያት እስክደርስ ነገሩ ሁሉ አልቆልኝ ነበር። ምንም አላስገባበትም። አንድ ክር አላስገባም። የሕፃናት ልብስ ባለሱቋ እቴቴ በወለደች ቀን፣ ዘመድ ጓደኛ በተሰበሰበበት፣ ነርሷ ልብስ ስትጠይቅ ሻንጣውን እከፍተዋለሁ። «ቤት ውስጥ የነበረው መወልወያ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ለእቴቴ ልጅ አይመጥንም ብዬ ተውኩት» እላለሁ። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ዕቃ እያጠብኩ ተለማመድኳት፤ ልጆች እያስተማርኩ በሆዴ ደገምኳት።

ሆስፒታሉ የሚሰጠው የዕቃ ዝርዝር ነበረ፤ እቴቴ ሳታነብ ሰጥታኛለች። አራት የሕፃን ቱታ፣ ሁለት ኮፍያ፣ ካልሲ፣ ፎጣ፣ ብርድ ልብስ፣ ለእናትየው ከፊት የሚከፈት የሌሊት ልብስ፣ ነጠላ ጫማ፣ ሞዴስ። ሁሉንም በቃሌ አወቅኩት። ሱቋም ሄጄ ነበር። ልጅቷ «እትዬ ሮማን ነግረውኛል፣ ይምረጡ» ብላ አንዱን ከአንዱ እያወረደች አሳየችኝ። እያንዳንዱን ዳሰስኩ፣ የስፌቱን ጠርዝ ገልብጬ አየሁ፣ ሁሉም በውስጥ በኩል ነው። «ሌላ ቀን እመለሳለሁ» ብዬ ወጣሁ።

ዳዊት አንድ ሁለቴ ጠየቀኝ። «የእቴቴን ሻንጣ ሞላሽ?»

«ሞልቻለሁ» አልኩት። ቁም ሳጥኑ ላይ ነው፤ ወጥቶ አያይም።

እናቴ ግን ልትደርስብኝ ነበር። አንድ እሑድ ልትጠይቀን መጥታ አቧራ ስትጠርግ ሻንጣውን በአንድ እጇ አነሳችው።

«ውይ! ምነው ቀለለ? ባዶ ነው እንዴ?»

«ገና አልሞላሁትም እማዬ።»

«ቀኗ ደርሶ የለም እንዴ? በይ ጨርቅ አምጪ፣ ልርዳሽ። አንድ ሁለት መጠቅለያ…»

«ለእሷ አንድ ክር እንዳትቀጥዪላት!» ብዬ ጮህኩ። ናሆም ደንግጦ ከመጫወቻው ቀና አለ። እናቴ አየችኝና ሻንጣውን ወደ ቦታው መለሰች።

ስልኩ የተደወለው ሐምሌ ውስጥ፣ ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። የእቴቴ ባል ጋሽ መላኩ ነበሩ። «ምጡ መጥቷል፣ ሆስፒታል ነን። ሻንጣውን ይዘሽ ነይ» አሉኝ። ዳዊት ከሥራ በቀጥታ እንደሚመጣ ነገረኝ። በስልኬ መኪና ጠራሁና ወረድኩ።

ሹፌሩ ሻንጣውን የኋላ ኮፈን ውስጥ ሊያስገባልኝ እጁን ሲዘረጋ «ተወው፣ እኔ እይዘዋለሁ» አልኩት። ዝናቡ ይወርዳል፣ መንገዱ ከሲኤምሲ ጀምሮ ተዘጋግቷል። መገናኛ ስንደርስ መኪናው ከአንድ የልጆች ልብስ ሱቅ ፊት ለፊት ቆመ። መስታወቱ ላይ ትናንሽ ኮፍያዎች ተሰቅለዋል። ከመኪናው እስከ በሩ አሥር እርምጃ አይሞላም።

«እዚህ መውረድ ነበረብሽ እንዴ?» አለኝ ሹፌሩ፣ በመስታወቱ እያየኝ። እጄ የበሩን እጀታ ይዟል።

አንድ ደቂቃ ያህል ያዝኩት። እናቴ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ስትከት ታየችኝ። «አይ፣ ቀጥል» አልኩት። ወዲያው መንገዱ ተከፈተና ነዳው።

ቦሌ የሚገኘው የግል ሆስፒታል ስደርስ ሁሉም እዚያ ናቸው። ጋሽ መላኩ ይንጎራደዳሉ፣ እማማ የሺ መዝሙረ ዳዊታቸውን ይዘው ይደግማሉ፣ ያን ቀን የሳቁት ሁለቱ ጓደኞቿም ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ባለቤቴ ተነስቶ ሻንጣውን ሊቀበለኝ ሲል ወደ ራሴ ሳብኩት። ይበልጥ ሰው ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ይሄም ይበቃኛል አልኩ።

ትንሽ እንደቆየን አንድ ሐኪም በፍጥነት ወጣና ጋሽ መላኩን ወረቀት አስፈረማቸው። የሕፃኑ የልብ ምት እየቀነሰ ነው፣ ቶሎ በኦፕራሲዮን መውጣት አለበት አለ። እማማ የሺ መሬት ላይ ተንበረከኩ። ጓደኞቿ ማልቀስ ጀመሩ። እኔ ሻንጣውን በእግሬ መሀል አድርጌ ተቀመጥኩ። ልጁ ከሞተ ሻንጣው አይከፈትም ብዬ አሰብኩ፤ አዎ፣ በዚያች ሰዓት ያሰብኩት ይህንን ነው። ከዚያ ባሰብኩት ነገር ፈርቼ «ማርያም፣ ማርያም» ማለት ጀመርኩ።

አርባ ደቂቃ ፈጀ። በሩ ሲከፈት አንዲት ነርስ አንገቷን አወጣች።

«የሮማን ቤተሰብ! ሴት ልጅ ናት፣ ሁለቱም ደህና ናቸው። የሕፃኗን ልብስ ስጡኝ፣ ቶሎ!»

እማማ የሺ ሦስት ጊዜ እልል አሉ። ጋሽ መላኩ ግድግዳውን ተደግፈው አለቀሱ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ተነሳሁ፣ ሻንጣውን ሁለት ወንበር ላይ አጋደምኩት፣ ዚፑን ቀስ አድርጌ ዙሪያውን ሳብኩና ክዳኑን ከፈትኩት። ከውስጡ የፕላስቲክ ሽታ ብቻ ወጣ። ነርሷ እጇን ዘርግታ ቆመች። ዳዊት ሻንጣውን አየ፣ እኔን አየ። አራት ዓመት የጠበቅሁት ዝምታ መጣ።

አፌን ከፈትኩ። «ቤት ውስጥ የነበረው…» ብዬ ጀመርኩ።

«እሰይ!» አሉ እማማ የሺ። ልጨርስ አልቻልኩም፤ አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። «እሰይ የኔ አስተዋይ! ባዶውን ይዛላት መጣች! ሟርት እንዳይነካት ልጅቷ በእጃችን ሳትገባ አንድ ነገር አልገዛችም! አያችሁ? እኛ ትልልቆቹ ያላሰብነውን አሰበችላት!»

ጓደኞቿ እርስ በርሳቸው ተያዩ፣ ከዚያ አንዷ «ውይ እውነትም!» ብላ አፏን ያዘች። ጋሽ መላኩ እጄን ጨብጠው ሳሙት። ዓረፍተ ነገሬ አፌ ውስጥ ቀረ። ከእማማ የሺ እቅፍ ውስጥ ሆኜ ብናገረው እንኳ የሚሰማኝ አልነበረም።

ነርሷ ግን ሟርትም ምንም አልገባትም። «ታዲያ ልጅቷን ምን ላልብሳት?» አለች ተቆጥታ። «እርጥብ ናት እኮ!» ዳዊት ዝናቡ ውስጥ ወደ እቴቴ ሱቅ ሮጠ። ነርሷ በሩን ገፍታ ስትመለስ በክፍተቱ አየሁ። ልጅቷ በአረንጓዴ የኦፕራሲዮን ጨርቅ ተጠቅልላለች። እግሮቿ ወጥተዋል፤ ጣቶቿ ወይን ጠጅ መስለው ይንቀጠቀጣሉ። በሩ ተዘጋ። ዳዊት እስኪመለስ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ሆነ፤ ግድግዳው ላይ ካለው ሰዓት ዓይኔን አልነቀልኩም።

ልብሱን አስረክቦ ሲጨርስ አጠገቤ መጣ። ጸጉሩ ውሃ ያንጠባጥባል።

«ሞልቻለሁ አላልሽኝም ነበር?» አለኝ በቀስታ።

የባዶውን ሻንጣ ዚፕ መልሼ ዘጋሁት። ቶሎ የሚረሳው ባሌ ይህቺን አልረሳም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋዙን ዘግቻለሁ ስለው ተነስቶ ሄዶ ያያል።

እቴቴ ስትነቃ እማማ የሺ ሁሉንም ነገሯት። አስጠራችኝ። ከንፈሯ ደርቋል፣ ድምፅ የላትም። እጄን ይዛ ደረቷ ላይ አደረገችውና «እንዳንቺ ያሰበልኝ የለም፣ እህቴ ነሽ» ብላ አለቀሰች። በሕይወቷ እህቴ ብላኝ አታውቅም። ደስ ያለኝ ወይም ያፈርኩ እንዳይመስላችሁ። ተናደድኩ! ብድሬን ቀምተውኝ ምርቃት አስታቀፉኝ። የተበቀልኳት ሰው እንደተበቀልኳት ካላወቀች ምኑን በቀል ሆነ?

ስለዚህ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሲኤምሲ ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ብቻዋን ነበረች። ልጅቷ ጎኗ ተኝታለች።

«እቴቴ፣ ሻንጣው ባዶ የሆነው ሟርት ፈርቼ አይደለም» አልኳት፣ ገና ሳልቀመጥ።

«እና?»

«በሰው ፊት እንድታፍሪ ብዬ ነው።»

ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አይታ አቆመች። ሁሉንም ነገርኳት። ስድስቱን ሸሚዝ፣ በውጭ የተሰፋው ጠርዝ ለምን እንደሆነ፣ መወልወያ ያለችውን፣ ጽዳቷን፣ የመስኮቱን ደፍ፣ እናቴን። ድምፄ እየጨመረ ሄደ። እሷ መጀመሪያ «የቱ ልብስ?» አለች። ቆይታ «እሱን እኮ ለቀልድ…» ብላ ጀመረችና ተወችው። ፊቷ እየተለወጠ ሲሄድ አየሁ። ይሄን ነበር የፈለግኩት። እውነት እላችኋለሁ፣ ጣፈጠኝ።

 ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረች።

«እኔ ያን ሰዓት በማደንዘዣ ተኝቼ ነበር» አለች። «ሻንጣው ሲከፈት አላየሁም፣ ነርሷ ስትቆጣ አልሰማሁም። እኔን አላገኘሽኝም አዜብ። የበረዳት እሷን ነው።»

«እኔ እኮ ስለ እሷ…»

«ጠብሽ ከእኔ ነው፣ ልክ ነሽ፣ በድዬሻለሁ። እሷ ምን አደረገችሽ?»

ለአራት ዓመት ለሁሉም ነገር መልስ አዘጋጅቼ ነበር። «ቀልድ ነው» ብትል መልስ ነበረኝ፣ «ረሳሁት» ብትል ነበረኝ፣ ብትጮህብኝም ነበረኝ። ለዚህ ግን አልነበረኝም።

«ውጪልኝ» አለች፣ ሳትጮህ። ወጣሁ።

ለሁሉም ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ። ለዳዊት፣ ለእማማ የሺ፣ ለጓደኞቿ። እንዲያውም ብትናገር ይሻለኝ ነበር፤ ግልጽ ጠብ እችላለሁ። አንድ ቃል አልተናገረችም። እማማ የሺ ባገኙኝ ቁጥር ይመርቁኛል፤ እቴቴ እዚያው ቁጭ ብላ ትሰማለች፣ ዓይኗን ወደ እኔ አታመጣም።

ሁለት ወር ሊሞላ ሲል እናቴ ደወለች። ድምፅዋ ፈክቷል።

«እቴቴሽ መጥታ ነበር እኮ! ከነአራስነቷ እዚህ ቆርቆሮው ድረስ! ጉልበቴን ሳመችኝ። ያንን የልብስ ነገር ይቅር በይኝ ብላ አለቀሰች። እንዴት ያለች ሰው ናት!»

«አንቺስ ምን አልሻት?»

«ምን እላታለሁ? ይቅር አልኳት።»

«በቃ? አራት ዓመት እኮ ነው እማዬ!»

«አራት ዓመት ያንቺ ነው። እኔ በሳምንቱ ነው የተውኩት።»

«ታዲያ የሕፃን ልብስ መስፋት ለምን ተውሽ?»

«ዓይኔ ነዋ ልጄ! ያችን ቀጭን ስፌት አላይልሽ አለኝ። ምን መስሎሽ ነበር?»

ስልኩን ይዤ በረንዳው ላይ ቆምኩ። እውነቷን ይሁን ወይም እኔን ለማብረድ ያለችው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ብጠይቃትም ትስቃለች። አራት ዓመት ሙሉ እናቴ ቆስላለች ብዬ የተሸከምኩት ቁስል የማን እንደነበር ግን ያን ቀን ጠየቅሁ። የራሴ ይመስለኛል። ያቺ አልጋ ላይ ሆኜ ፈገግ ያልኳት ፈገግታ ናት።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ቂማችሁን ተዉ ብዬ አልመክራችሁም፤ እኔ ራሴ አልተውኩም። እቴቴ ያኔ ያደረገችው ነውር ነው፤ ዛሬም ነውር ነው እላለሁ፣ ማፈሯም ደስ ይለኛል። ግን በቀሌን ሳዘጋጅ ነርሷን አስቤያለሁ፣ ጓደኞቿን አስቤያለሁ፣ የምናገረውን ቃል በቃል አስቤያለሁ፤ የምትወለደውን ልጅ ግን አንድም ቀን አላሰብኳትም። መዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ነኝ እኮ። ክፍሌ ውስጥ አንድ ልጅ ካልሲው ሲረጥብ ሮጬ የምቀይር ሴት ነኝ። ያቺ ሴት ሦስት ሳምንት ሙሉ የት ሄዳ ነበር? ይህን ጥያቄ ለሌላ ሰው ሳይሆን ለራሴ ነው የማቀርበው፣ መልሱን አላገኘሁም።

ሰማንያው ቀን አንድ ሳምንት ሲቀረው እቴቴ ራሷ ደወለችልኝ። ከዚያ ቀን በኋላ የመጀመሪያዋ ነው።

«ቅዳሜ ክርስትና ትነሳለች» አለች። «የክርስትና እናቷ አንቺ ነሽ።»

«እኔ? እቴቴ፣ እኔ እንዴት…»

«ልብስ የምታመጣውና የምታለብሳት የክርስትና እናት እንደሆነች ታውቂያለሽ። ከውሃው ስትወጣ ራቁቷን ናት። ምን እንደምታመጪ አልጠይቅሽም።» ስልኩን ዘጋችው።

ይቅርታ ይሁን ብድር አልለየሁትም። ብድር ከሆነ ከእኔ የበለጠ ታውቅበታለች። በዚያ ሳምንት ነጭ ቀሚስ፣ የውስጥ ልብስ፣ ኮፍያ፣ ሁለት ጥንድ ካልሲ፣ ፎጣ፣ ብርድ ልብስ ገዛሁ። አጠብኩ፣ ተኮስኩ፣ አጣጠፍኩ፣ እንደገና አውጥቼ ቆጠርኩ። ዳዊት ሄዶ ቦርሳውን ከፍቶ አየ። አልተቆጣሁትም።

ቅዳሜ ጠዋት ክርስትና ቤቱ ውስጥ ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል። ቄሱ ልጅቷን ሦስት ጊዜ ውሃ ውስጥ አድርገው ሲያወጧት ጩኸቷ ግድግዳውን ሞላው። ሜሮን ቀቧትና ክንዴ ላይ አስቀመጡልኝ፤ ራቁቷን፣ እርጥብ፣ እግሮቿ ሆዴን እየረገጡ። እማማ የሺ ከኋላ «አስተዋይቷ የክርስትና እናት!» እያሉ ለሰው ሁሉ ያወራሉ። እናቴም እዚያው አጠገባቸው ናት። በፎጣው አደረቅኋት፣ የውስጥ ልብሱን አለበስኳት፣ ቀሚሱን አወረድኩላት። ጀርባው ላይ ያለችው ትንሽ ቁልፍ ግን ከጣቴ አመለጠችኝ። እንደገና ሞከርኩ፣ አመለጠችኝ። 

እቴቴ አጠገቤ ነበረች። ጎንበስ ብላ በጆሮዬ «ቶሎ በይ፣ በርዷታል» አለችኝ። ልታግዘኝ እጇን አልዘረጋችም። ቁልፏ እስክትገባልኝ ድረስ ቆማ ጠበቀችኝ።